ቡና ወድቆ ሻይ የነገሠባት ደሴት

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሪላንካ ውስጥ ሻይ ቤት ለማግኘት አድራሻ መጠየቅ አያስፈልግም። ከኮሎምቦ እስከ ጋሌ፣ ከካንዲ እስከ ባዱላ፣ አውቶቡስ በሚቆምበት፣ መንገድ በሚገናኝበት፣ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት ደጃፍ አንድ «ካዴ» አይጠፋም። ካዴ በሲንሃላ ቋንቋ ሱቅ ማለት ነው። የሻይ ካዴ ሀብት ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የሙዝ ዘለላ፣ ዳቦና ጥብሳጥብስ የተደረደረበት የመስታወት ሣጥን፣ ከጀርባ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚንተከተክ ውሃ። ባለቤቱ ብናኝ ሻዩን በጨርቅ ማጥለያ ይዞ የፈላ ውሃ ያፈስበታል። ሻይ በወተት ከታዘዘ የዱቄት ወተትና ስኳር ይጨምርና አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከከፍታ ይገለብጠዋል። የሚበላው አይታዘዝም፤ ሳህን ሙሉ ተደባልቆ ይቀርባል፤ ተስተናጋጁ የበላውን ብቻ ቆጥሮ ይከፍላል። በድሮዎቹ ካዴዎች አጫሽ እንኳ ክብሪት አይለምንም፤ ከኮኮናት ቃጫ የተገመደ ገመድ ጫፉ እየጨሰ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀዋል።

የካዴው ዋና መጠጥ ወተት የሌለው ሻይ ነው። ብዙ ሰው ስኳር አያስጨምርበትም። «ሃኩሩ» የሚሉት፣ ከኪቱል ዘንባባ ጭማቂ ተንተክትኮ የሚረጋ ጠቆር ያለ ጣፋጭ አለ፤ ከእሱ ቁራሹን በመዳፍ ይዘው እየቀረጠፉ ትኩሱን ሻይ ፉት ይሉበታል። ብርድ ብርድ ያለው ዝንጅብል ያስጨምራል። ከሻዩ ጎን በአዞ ቅርጽ ተጋግሮ ስኳር የተነሰነሰበት «ኪምቡላ ባኒስ» የተባለ ዳቦ፣ ዓሣ የተሞላ ዳቦ፣ ወይም ከተፈጨ ምስር የሚጠበስ «ዋዴ» ይኖራል። ጋዜጣ እዚያው ይነበባል፤ ፖለቲካውም ክሪኬቱም እዚያው ይተነተናል፤ የመንደሩ ጋብቻና ክስ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው።

ይህን ያየ እንግዳ ሻይ ለዚህ ሕዝብ ከቅድመ አያቶቹ የወረደ ቢመስለው አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በስሪላንካ ቴሌቪዥን ከ1987 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የቀረበው፣ በአንድ የገጠር ሻይ ቤት ውስጥ የሚካሄደው ተወዳጅ ተከታታይ ድራማ ርዕሱ «ኮፒ ካዴ»፣ ማለትም ቡና ቤት ነው። ሽማግሌዎች የመንደሩን ሻይ ቤት እስከ ዛሬ እንደዚያ ይጠሩታል። ደሴቲቱ የሻይ አገር ከመሆኗ በፊት የቡና አገር ነበረችና። የቡናዋ አወዳደቅ፣ የቡና መነሻ ምድር ላይ ለምንኖር ለእኛ፣ በቅጡ ሊታወቅ የሚገባው ታሪክ ነው።

ከደሴቲቱ ጋር ያለን ትውውቅስ ከቡናም ይቀድማል። በ6ኛው መቶ ዘመን፣ ዐፄ ካሌብ በደቡብ ዓረቢያ ወዳለው የሂምያር መንግሥት ለመዝመት ሲዘጋጁ በአክሱም ወደብ በአዱሊስ የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ በመጽሐፉ ስለ ደሴቲቱ ጽፏል። «ታፕሮባኔ» ይላታል፤ ከሕንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ መርከቦች ይመላለሱባት እንደነበርም ይገልጻል። ሶፓጥሮስ የሚባል ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ እዚያ መድረሱንም ይተርካል። የደሴቲቱ ንጉሥ ከእሱና ከአንድ የፋርስ ሰው የማንኛችሁ ንጉሥ ይበልጣል ብሎ ሲጠይቅ፣ ሶፓጥሮስ የሮምን የወርቅ ሳንቲም ከፋርሱ የብር ሳንቲም ጎን አስቀምጦ እንዲፈርድ ጋበዘው፤ ንጉሡም ለሮም ፈረደ። ያን ጊዜ ሶፓጥሮስን ከቀይ ባሕር ወደዚያ ያሻገረው የእኛው ወደብ ሰዎች ይሄዱበት የነበረው መርከብ ነው።

አውሮፓውያን በተራቸው የመጡት ለቀረፋ ነው። ዛሬ ቀረፋ ጨምረን ሻይ ስናፈላ፣ የእውነተኛው ቀረፋ የትውልድ ምድር ይህች ደሴት መሆኗን የምናስታውስ ጥቂት ነን። ፖርቱጋሎች በ1505 ደረሱ፤ ደቾች በ1658 አስወጧቸው፤ እንግሊዞች በ1796 የባሕሩን ዳርቻ ያዙ፤ በ1815 ደግሞ በተራራ ተከቦ ለዘመናት ሳይንበረከክ የኖረውን የካንዲን መንግሥት አስገበሩ። ቡና በዚህ ሁሉ መሃል በየጓሮው ነበር። ከእኛ ምድር ተነስቶ በየመን በኩል በዓረብ ነጋዴዎች እጅ የደረሰ ተክል ነው። የመንደሩ ሰው ቅጠሉን ለወጥ፣ ነጩን አበባውን ለቡድሃ ቤተ መቅደስ ስጦታ ያደርገው ነበር ይባላል።

እንግሊዞች ይህን የጓሮ ተክል ወደ ሰፊ እርሻ ለወጡት። ገዥው ኤድዋርድ ባርንስ በ1820ዎቹ ከኮሎምቦ ወደ ካንዲ መንገድ አስጠረገ፤ ቡናንም ከቀረጥ ነፃ አደረገ። በ1840 የወጣ ሕግ ማስረጃ ያልቀረበበት መሬት ሁሉ የዘውዱ ነው አለ። የደጋው ገበሬ በልማድ የሚያውቀውን ጫካና ግጦሽ በወረቀት ማስረዳት አልቻለም፤ መሬቱ ለእንግሊዝ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች በርካሽ ተቸበቸበ። ደኑ ተመነጠረ። በ1870ዎቹ መጨረሻ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ቡና ለብሶ ነበር። በ1867 ካንዲ የገባው የባቡር ሐዲድ የተዘረጋውም ቡና ወደ ወደብ ለማውረድ ነው።

ከዚያ ዋግ መጣ። በ1869 አንድ አዲስ እርሻ ውስጥ የቡና ቅጠሎች ጀርባ ብርቱካንማ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው ታዩ። የፔራዴንያ ዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ የነበረው ትዌይትስ ናሙናውን ወደ እንግሊዝ ላከ፤ የፈንገስ ሊቁ በርክሌይም «ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ» ብሎ ሰየመው። የስሙ ሁለተኛ ክፍል አውዳሚ ማለት ነው፤ ተክሎቹም ያንኑ አዩ። ቅጠሉ ይረግፋል፤ ዛፉ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ እንደገና ይረግፋል፤ በየዓመቱ ፍሬው ይቀንሳል። አልሚዎቹ መጀመሪያ ናቁት፤ የቡና ዋጋ እየናረ ስለነበር አዲስ ጫካ እየመነጠሩ መትከላቸውን ቀጠሉ። በ1880 የተላከው ወጣቱ ተመራማሪ ማርሻል ዋርድ የበሽታውን ጠባይ አጥንቶ የተናገረው ነገር የሚጎመዝዝ ነበር፤ ማዳኛ የለውም፤ አንድ ዓይነት ተክል ያለ ከለላ ተራራውን ሁሉ ሲሸፍን የፈንገሱ ዘር በነፋስ ከእርሻ እርሻ ይሄዳል። በ1884 ለቡና አልሚዎች ሲያበድር የኖረው ኦሪየንታል ባንክ ወደቀ። ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ ከዚያ ሁሉ ቡና የቀረው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የደረቁት ግንዶች ተልጠው ወደ እንግሊዝ ተጫኑ፤ የሻይ ጠረጴዛ እግር ተሠራባቸው ይባላል።

ይህ በሽታ በኢትዮጵያም አለ፤ የቆየ ነው። እዚህ ግን ቡናን ከምድሩ አላጠፋም። በከፋ፣ በሸካና በያዩ ደኖች ቡና ከዋንዛና ከብሳና ሥር፣ በሺህ ዓይነት ዝርያ ተሰባጥሮ ይበቅላል፤ አንዱ ቢጠቃ ሌላው ይቋቋማል። የሲሎን፣ ማለትም የያኔዋ ስሪላንካ፣ አልሚዎች መንጥረው የጣሉት ይህንኑ ከለላ ነው። የቡና ደን ስትመነጥሩ ምርት ይጨምራል የሚል ምክር ለሚሰጣችሁ ሁሉ የዚያችን ደሴት ታሪክ እንድትነግሩት እለምናለሁ።

ሻይን ያቆመው ሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ቴይለር ነው። በ1852፣ ገና 17 ዓመት ሳይሞላው፣ ለቡና ሥራ ተቀጥሮ መጣ፤ ከካንዲ ደቡብ ምሥራቅ ካለው ሉሌኮንዴራ ከሚባለው ተራራማ እርሻ ሳይነቃነቅ ዕድሜውን ጨረሰ። የባቡሩ ሐዲድ ካንዲ በደረሰበት በ1867፣ ቡናው ገና ጤነኛ ሳለ፣ 19 ኤከር፣ ማለትም ስምንት ሄክታር ያህል መሬት ላይ ሻይ ተከለ። ፋብሪካው የገዛ ቤቱ በረንዳ ነበር። ቅጠሉ ጠረጴዛ ላይ በእጅ ይታሻል፤ በሸክላ ምድጃ ላይ በተዘረጋ የሽቦ ወንፊት በከሰል ፍም ይደርቃል። በ1872 የማሻ ማሽን ያለው ቤት ሠራ። በ1873 ወደ ለንደን የላከው የመጀመሪያ ጭነት 23 ፓውንድ፣ ከአሥር ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነበር። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ዕረፍት ወጣ፤ ያንንም ዕረፍት በ1874 ወደ ዳርጂሊንግ ሄዶ የሕንድን የሻይ አሠራር ሲያይበት አሳለፈው።

ቡናው ሲረግፍ የተረፉት አልሚዎች ወደ ቴይለር በረንዳ ሮጡ። በ1875 ሻይ የለበሰው መሬት ከ400 ሄክታር ብዙ አይበልጥም፤ ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ከ120 ሺህ አለፈ። በ1883 ሐምሌ ኮሎምቦ ውስጥ የመጀመሪያው የሻይ ጨረታ ተካሄደ፤ ጨረታው እስከ ዛሬ አለ። በ1890 የግላስጎው ባለሱቅ ቶማስ ሊፕተን መጥቶ እርሻዎች ገዛ፤ ሻዩን በትንንሽ እሽግ አድርጎ በርካሽ ሸጠ፤ ስሙም ከሻዩ ጋር እኛ ዘንድ ድረስ ደረሰ። ቴይለር ግን ከዚህ ሁሉ ያገኘው ሀብት አልነበረም። በ1892፣ አሠሪዎቹ ሊያሰናብቱት ወስነው ሳለ፣ በተቅማጥ በሽታ በ57 ዓመቱ ሞተ። ግዙፍ ሰው ነበርና ሬሳውን እስከ ካንዲ የተሸከሙት 24 ሠራተኞች በ12 በ12 እየተፈራረቁ ነው። ተሸካሚዎቹን ስማቸውን የመዘገበላቸው የለም። ታሪኩ የእነሱም ነው፤ እንዲያውም ይበልጡን የእነሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እነማን ነበሩ? የደቡብ ሕንድ ታሚሎች። የካንዲ ገበሬ በተነጠቀ መሬቱ ላይ በቀን ሠራተኛነት መቀጠርን ስላልወደደ፣ እንግሊዞች ረሃብና ዕዳ ያስጨነቃቸውን የባሕር ማዶ ድሆች «ካንጋኒ» በሚባሉ አለቆች አማካይነት አስመጡ። ባሕሩን ተሻግረው ማናር አካባቢ ይወርዱና በደረቁ ቆላ ጫካ በእግራቸው ወደ ማታሌ ይጓዛሉ፤ በኮሌራና በወባ በየመንገዱ የቀሩት ብዙ ሺህ ናቸው። ቡና የሚለቀመው በወቅቱ ነው፤ ለቃሚው ሲጨርስ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ሻይ ግን ዓመቱን ሙሉ ያቆጠቁጣል፤ በየሳምንቱ ገደማ ካልተቀጠፈ ቅጠሉ ይጠነክራል። ስለዚህ ሻይ ቋሚ ሰው ፈለገ፤ በተለይ የሴት እጅ ፈለገ። ቤተሰቡ በሙሉ እዚያው ተራራ ላይ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር በተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ተቀመጠ። እነዚያ ረድፍ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል።

የቀጣፊዋ ቀን የሚጀምረው ጉም ሳይገፈፍ ነው። ቅርጫቷን ወይም ከረጢቷን በገመድ ከግንባሯ ታንጠለጥላለች፤ ሁለት ቅጠልና አንድ ቀንበጥ ብቻ እየመረጠች፣ በገደሉ ላይ፣ አልቅት እግሯን እየመጠጣት ትቀጥፋለች። በብዙው እርሻ በቀን ከ18 ኪሎ የማያንስ ይጠበቅባታል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከአራት ኪሎ በላይ እርጥብ ቅጠል ይፈጃል። ፋብሪካ የገባው ቅጠል ይጠወልጋል፤ ይታሻል፤ በእርጥበት ክፍል ተዘርግቶ ይብላላል፤ በሞቀ አየር ይደርቃል፤ በወንፊት ይለያል። ሙሉው ቅጠል ወደ ለንደን፣ ወደ ሞስኮ፣ ወደ ባግዳድ ይሄዳል። ብናኙ ለካዴው ይቀራል። በቀጣፊዋም ቤት የሚፈላው ብናኙ ነው።

የደሴቲቱ ሰው ራሱ ሻይ መጠጣት የለመደው ዘግይቶ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቤቱ የሚፈላው ቡና፣ ድንብላል፣ «በሊ ማል» የሚባል የደረቀ አበባና «ራናዋራ» የተባለ ተክል ነበር። ሲሎን ሻይዋን በ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ በራሷ ሻይ ቤት አስተዋውቃለች፤ ለራሷ ገበሬ ግን ያኔ ገና አላስቀመሰችውም። በ1930ዎቹ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅና ዋጋ ሲረክስ ነው አምራቾች ወደ ደጃፋቸው የዞሩት፤ በ1932 የተቋቋመው የሻይ ማስተዋወቂያ ቦርድ በውጭም በደሴቲቱም ጠጡ እያለ ቀሰቀሰ። የባቡር ጣቢያው፣ የአውቶቡሱና የጋዜጣው ዘመን ከዚህ ጋር ገጠመ። ቡና ቤቱ ስሙን ይዞ ሻይ ማፍላት የጀመረው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላ ዓይነት ሻይ ቤትም አለ። 1,868 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ኑዋራ ኤልያ ከተማ እንግሊዞች አየሩ አገራቸውን ስላስታወሳቸው ጽጌረዳ ተከሉ፤ የፈረስ መሮጫ ሠሩ፤ በ1876 ሂል ክለብን አቋቋሙ። በዚያ ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሬው ሰው በአስተናጋጅነት ካልሆነ በቀር አይገባም ነበር። ዛሬ ማንም ከፍሎ ይገባል፤ ሻዩ በብር ማንቆርቆሪያ፣ በነጭ ጓንት ይቀርባል። ካንዳፖላ ላይ ደግሞ አሮጌው የሄተርሴት ሻይ ፋብሪካ በ1990ዎቹ ሆቴል ሆኗል፤ የማጠውለጊያው ሰገነት መኝታ ክፍል ተደርጓል። ሕንፃዎቹ ያምራሉ፤ መጠበቃቸውም መልካም ነው። የደሴቲቱን የሻይ ባህል እዚያ አገኘሁት የሚል ጎብኚ ግን ተሳስቷል። ባህሉ ያለው ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ መነኩሴና ተማሪ በአንድ አግዳሚ ወንበር በሚቀመጡበት በመንገድ ዳሩ ካዴ ነው።

አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ፣ ሻዩን ያቆሙትን ታሚሎች ሰባት መቶ ሺህ ያህሉን አገር አልባ አደረጋቸው። የድምፅ መብታቸው ተወሰደ። በ1964 የኮሎምቦና የዴልሂ መሪዎች በስምምነት ተካፈሏቸው፤ 525 ሺህ ወደ ሕንድ፣ 300 ሺህ እዚሁ፣ የቀሩት 150 ሺህ ወደፊት ይወሰናል ተባለ። ሕንድን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ወደ ሕንድ ተጫኑ። የተረፈው ቅሬታ የመጨረሻ እልባት ያገኘው በ2003 በወጣ ሕግ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሻዩ መቀጠፉን አላቋረጠም፤ የሚያስገኘው የውጭ ምንዛሪም የአገሪቱ ዋና ምሰሶ ነበር። በ1972 አገሪቱ ስሟን ከሲሎን ወደ ስሪላንካ ቀየረች፤ ትልልቆቹ እርሻዎች በ1970ዎቹ ተወረሱ፤ በ1990ዎቹ አስተዳደራቸው ለኩባንያዎች ተመለሰ። የሻዩ ስም ግን ገበያውን ላለማጣት ሲሎን ሆኖ ቀረ። ዛሬ ከምርቱ ከ70 በመቶ በላይ የሚመጣው በተለይ በደቡቡ ቆላ ካሉ አነስተኛ ገበሬዎች ማሳ ነው።

ካዴው የአገሩ የልብ ትርታ መሆኑ ጎልቶ የታየው በቅርቡ ቀውስ ነው። በ2021 መንግሥት የኬሚካል ማዳበሪያ በድንገት ከለከለ፤ በዓመቱ መጨረሻ ክልከላውን አነሳ፤ ጉዳቱ ግን ደርሷል። የሻይ ምርት ከ299 ሚሊዮን ኪሎ በ2022 ወደ 250 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። የውጭ ምንዛሪ አለቀ። ለኢራን መከፈል የነበረበትን 251 ሚሊዮን ዶላር የነዳጅ ዕዳ በየወሩ በሻይ ለመክፈል ስምምነት ተደረገ። የዱቄት ወተት ከሱቅ ጠፋ፤ በ2022 መጋቢት አንድ ብርጭቆ ሻይ በወተት 100 ሩፒ ገባ፤ ብዙ ካዴዎች ወተት ያለውን ሻይ ማፍላት አቆሙ። ጨለማ በዋጠው ከተማ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ለሚያድረው ሰው የቀረው ያው ባዶው ሻይ ነበር። ሕዝቡ በተቃውሞ ተነሳ፤ ፕሬዚዳንቱም በሐምሌ አገር ጥለው ሸሹ።

ሠራተኞቹስ? ለዓመታት የታገሉለት የ1,000 ሩፒ የቀን ደመወዝ የተፈቀደላቸው በ2021 ነው። ሲፈቀድ አምስት ዶላር ያህል ነበር፤ በዓመቱ ሩፒው ሲወድቅ ከሦስት ዶላር በታች ሆነ። በ2023 የመጀመሪያዎቹ ታሚሎች ከመጡ 200 ዓመት ሲታሰብ፣ የልጅ ልጆቻቸው ቅድመ አያቶቻቸው የሄዱበትን መንገድ ተከትለው ከታላይማናር እስከ ማታሌ በእግራቸው ተጓዙ። የሚኖሩበት ቤትና የቆመበት መሬት በስማቸው እንዲሆን፣ ደመወዛቸው ኑሮን የሚያሸንፍ እንዲሆን፣ እንደ ማንኛውም ዜጋ እንዲታዩ ጠየቁ። አብዛኛው ሠራተኛ አሁንም የሚያድርበት ክፍል የእርሻው ንብረት ነው። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ምላሹም እጅግ ዘግይቷል።